የአባቷ ቀኝ እግር

«ግራ እግሩን ነው የሳለችው፤ ባይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ።

«እንግዲያው ነገሩ ለየለት» አለ ሌላው። «የገዛ ልጁ መሰከረች። ያን ጊዜ አፉን የከፈተው ጠራዡ ነው።»

ሹክ መባባላቸው ነበር። ጆሮው የደከመ ሰው ሹክሹክታ ግን አጥር ይሻገራል፤ ትሪ ይዛ ከኋላቸው የቆመችው ሠዓሊ አንድ ቃል አላመለጣትም። ባዶ ብርጭቆ ልትቀበላቸው ስትጎነበስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ፊታቸውን የሐዘን አደረጉና «እግዜር ያጽናሽ ልጄ፤ አባትሽ ሰው ነበር» አሏት። አሜን ብላ አለፈች።

አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ግቢው በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። ለቀስተኛው ጠዋት በአንዱ ግድግዳ ሥር፣ ከሰዓት በሌላው ሥር፣ ጥላውን እየተከተለ ይቀመጣል። የአባቷ የሥራ ጓደኛ የነበረው መጽሐፍ ጠራዥ ብቻ ቦታ አይቀይርም። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ፀሐይ ሲበላው ይውላል፤ ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ግቢው ጢም ብሎ ሲሞላ እንኳ ሰው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። እሱ ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልቀረም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ አልፈልግም ይላል፣ ከዚያ ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሠዓሊዋ ሥራ የአኒሜሽን ፊልም ነው። ሲነገር ያምራል፤ ሲሠራ ግን አንድ ሰው ከወንበር ተነሥቶ በር እስኪከፍት ድረስ ወረቀት በወረቀት ላይ እየደረቡ ያንኑ ሰው መሳል ነው። ዓመታት የፈጀባት ፊልም በአሮጌው መንግሥት ዘመን ስላደገች አንዲት ልጅ ነው፤ ልጅቷም እሷው ናት። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይፎክራል። ተማሪዎች የመሪው መኪና በዚህ ያልፋል ተብለው ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ፤ መኪናው ሳይመጣ ይቀርና ላልመጣው አጨብጭበው ይመለሳሉ። አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲል የሰማችው ልጅ ደግሞ ግድግዳውን እየዳበሰች ጆሮውን ትፈልጋለች፤ በመጨረሻ አንድ የምስማር ቀዳዳ ታገኝና ጥጥ ትወትፍበታለች። እዚህ ላይ ተመልካቹ ይስቃል። ሁሉም ግን የሆነ ነገር ነው።

አባቷን የወሰዱት ጥጡ ከተወተፈ በኋላ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የብረት ፊደላትን አንድ ባንድ እየለቀመ መስመር የሚያስይዝ። አንድ ጠዋት ሳንሱር ያላየው ወረቀት ከተማው ላይ ተበትኖ ተገኘ። እሱንና መጽሐፍ የሚጠርዘውን ጓደኛውን ከሥራ ቦታቸው አንሥተው ወሰዷቸው፤ በአንድ ሰንሰለትም አሰሯቸው፣ የአባቷን ቀኝ ቁርጭምጭሚት ከጠራዡ ግራ ጋር። ብዙም ሳይቆይ የማተሚያ ማሽኑን የሚያሠራው ማሽኒስት ተያዘ። ማሽኒስቱ አልተመለሰም። ሁለቱ ግን ከዓመታት በኋላ ተፈቱ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እያነከሱ። ሰፈሩም ማሽኒስቱን ያስያዘው ከሁለቱ አንዱ ነው ብሎ ቆረጠ። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ስላልቻለ ሁለቱንም ራቃቸው።

«ማን ነው የተናገረው?» ብሎ አባቷን ስንቱ ጠየቀው። «እኔ አልሰማሁም» ነበር መልሱ። በአንድ ሰንሰለት ታስሮ አልሰማሁም! ይህን ያለ ጊዜ ጭራሽ ጠረጠሩት። ልጁም ትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር የሚጋራት አጥታ አደገች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጥታ፣ «አባዬ፣ አንተ ነህ የተናገርከው?» አለችው።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«አንተ አትመስለኝም።»

«እንግዲያው እኔም አንቺም አወቅን። ሁለት ሰው ካወቀ ምን ጎደለ?» ብሎ አፍንጫዋን በመሐረቡ ጠረገላት።

ይህን ሁሉ ፊልሟ ውስጥ አስገብታዋለች። አባትየው መንገድ ላይ ሲያነክስ፣ ከየመስኮቱ «ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ነው» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ሥዕሉ ቀስ እያለ ወርዶ የሚጎተተው እግር ላይ ይቆማል። አባቷ እንዴት ያለ ጥፋቱ እንደተጠረጠረ ማሳየቷ ነበር። ችግሩ፣ የሳለችው እግር ግራ ነው። ሁለቱን አንካሶች ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ግራ እግር ማለት ጠራዡ ነው፤ ልጅቷ ጥፋተኛው እሱ ነው ብላ የጠቆመች መሰለ።

ፊልሙ ወደ ትልቁ ሲኒማ ቤት ከመሄዱ በፊት ለሰፈሩ ሰው በአዳራሽ በነጻ አሳይታ ነበር። አባቷ እስከ መጨረሻው ፀጥ ብሎ አየ። የተናገረው ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነው።

«እግሬን አሳስተሽዋል።»

«እንዴት?»

«የእኔ ቀኝ ነው። መስታወት ፊት እያነከስሽ ነዋ የሳልሽው!»

አልተሳሳተም። አካሄድ የሚስል ሰው ራሱ መስታወት ፊት እየተራመደ፣ ያየውን ነው የሚቀዳው። እሷም ስታነክስ ውላ፣ መስታወት ቀኝን ግራ እንደሚያደርግ ዘነጋችው። ዕድሜውን በግልባጭ የተቀረጸ ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው ግን ግልባጭ አያመልጠውም።

«በሰው እግር አስኬድሽኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «አስተካክይው» አላት።

«አባዬ ደግሞ! ማን ያስተውለዋል?»

«የሚያስተውል ያስተውላል።»

እሺ አለችው፤ ሰው ለወላጁ የሚላት ዓይነት እሺ። ሥራ በዛባት፤ ዛሬ ነገ ስትል የአባቷ ልብ ቀደማት። አንድ ማለዳ የጫማ ክሩን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ትሪውን ኩሽና አስገብታ ሳታስቀምጥ ስልኳ ጠራ። ስቱዲዮ አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ ነው።

«በዚህ ሰዓት መደወሌ ነውር ነው» አለ። «ሲኒማ ቤቱ ፊልሙ ዛሬውኑ ይላክ ብሎ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ያን ያልሽኝን እግር ምን እናድርገው? ሥዕሉን ገልብጬ ልላከው? አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

«ሰውየውና ግድግዳው አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ከገለበጥከው የግድግዳው መፈክር ሁሉ በግልባጭ ይነበባል።»

«እንደገና መሳል ከሆነ የምረቃውን ቀን እርሺው። ካልሆነ እንዳለ እንተወዋለን። ማን ያስተውለዋል?»

የራሷን ቃል ከሰው አፍ ስትሰማው መረራት። ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው።

ብርጭቆ የምታጥበው አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታ ብትቆምም ጆሮዋ እዚሁ ነበር።

«እንዳትነኪው!» አለች።

«አክስቴ፣ ስህተት እኮ ነው።»

«የምን ስህተት! እግዜር እጅሽን ይዞ ነው ያሳለሽ።»

«መስታወት ነው።»

«መስታወቱንስ የሚያዘው ማን ሆነና?» አክስቷ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ዞረች። «ስሚኝ። ይህ ሰፈር ወንድሜን በቁሙ ቀብሮት ነው የኖረ። አሁን ገና፣ ከሞተ በኋላ፣ እየመጡ ‹ለካ እሱ አልነበረም› እያሉ ያለቅሱለታል። ቀኝ ብለሽ ብትመልሺው ምን የሚሉ ይመስልሻል? ‹ልጁም አባቷ መሆኑን አመነች› ነው የሚሉት። ሙት አፍ የለው፣ አይከራከር። ምንም ተናገሪ አላልኩሽም፤ ዝም ብቻ በይ።»

አክስቷ ስለ ሰፈሩ ከተናገረችው አንድም ሐሰት የለበትም፤ ሠዓሊዋ ይህ ግቢ እንዲህ በሰው ሲሞላ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድታ ወጣችና ከጠራዡ አጠገብ፣ ማንም በማይቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ፊልሙን አይተውታል ጋሼ?»

«አይቻለሁ። ከኋላ ቆሜ።»

«እግሩን የሳትኩት እኔ ነኝ። መስታወት አሳስቶኝ ነው እንጂ እርስዎን ለማለት አልነበረም።»

ጠራዡ ብርጭቆውን ተቀብሎ በሁለት እጁ ያዘው። ጣቶቹ በሙጫና በክር ብዛት ሻክረዋል።

«አልሳትሽም» አለ። «የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሠዓሊዋ የራሷን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባትሽ ሰምቷል። እግራችን አንድ ላይ ታስሮ የት ይሂድ? እኔን ሲመቱኝ አጠገቤ ነበር፤ የማሽኒስቱን ስም ስጠራም አጠገቤ ነበር። ሲነጋ ‹ተነሥ፣ ለውሃ እየጠሩን ነው› አለኝ። ያን ነገር ከዚያ ወዲህ አንሥቶብኝ አያውቅም።»

«ለምን?» ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ለምን ዝም አለልዎ? እኛ በዚህ ስንጎዳ!»

«እኔም ከተፈታን በኋላ ጠይቄዋለሁ። ‹ያን ቀን ባንተ ጀመሩ። በእኔ ጀምረው ቢሆን እኔ እናገር ነበር› አለኝ።» ጠራዡ ከሻዩ አንድ ጊዜ ፉት አለ። «እኔ ግን አይመስለኝም። እሱ አይናገርም ነበር።»

ተናግሮ ሌላ ሰው ሲጠረጠር ዝም ባለው በዚህ ሽማግሌ ተናደደች። ከልጁ ጓደኛውን አስበልጦ እሷን ወንበር ላይ ብቻዋን ባስቀመጣት በአባቷም ተናደደች፤ ሙት ላይ መናደድ ደግሞ ማረፊያ የለውም።

«ፊልሙን ተይው» አለ ጠራዡ። «እኔ አንድ ሐሙስ የቀረኝ ሰው ነኝ። በየቀኑ የምመጣው ይህንኑ ልነግርሽ ነበር፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ እንጂ። እውነት ነውና ይታይ። አባትሽም ይረፍ።»

እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ፈቀደ። ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም፤ የአባቷ ስም ይጸዳል፣ አክስቷ እፎይ ትላለች፣ ፊልሙ በቀኑ ይመረቃል፣ ውሸትም የለበትም። ግን አባቷ አስተካክይው ያላት ለሥዕሉ ማማር ብሎ እንዳልሆነ አሁን ገባት። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰዉ ጥርጣሬውን ከእሱ ላይ አንሥቶ ጓደኛው ላይ ሲጭነው አይቷል። ቤት ገብቶ ሸክሜን መልሽልኝ አላት። ይህንንም ጫማውን እያወለቀ፣ እየሳቀ ነው ያላት። ስትወደውና ስታዝንለት ኖራ ምን ያህል ሰው እንደነበር አለማወቋ አንገበገባት።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እንደገና እስለዋለሁ» አለችው ባልደረባዋን። «ቀኝ እግሩን። ምረቃው ይቆይ።»

በኩሽናው መስኮት የሰማችው አክስቷ «ወይኔ ወንድሜን! ሁለተኛ ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች፤ ለቀስተኛው የወትሮው ለቅሶ መስሎት አብሯት አለቀሰ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አለ ጠራዡ።

«አስተካክይው ያለኝ እሱ ነው።»

«እሱ እኮ ሞቷል።»

«እርስዎ ግን በሕይወት አሉ።»

ጠራዡ አንገቱን ደፋ። ሠዓሊዋ ዓይኗን ወደ ቧንቧው መለሰች። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ሊሄድ ተነሣ።

«ቆይ ጋሼ፣ ልሸኝዎ» ብላ ቀኝ ክንዱን ያዘችው። ወዲያው ለቀቀችውና ዞራ በግራው በኩል ቆመች።

«አባዬ በዚህ በኩል ነበር?»

«በዚህ በኩል።»

«እንዴት ነበር የምትራመዱት?»

«የታሰሩት እግሮች እኩል ይነሣሉ። አንዱ ከቸኮለ ሁለቱም ይወድቃሉ።»

ግራ እግሩን አነሣ፤ እሷም ቀኟን። በመጀመሪያው ቸኮለችና ሁለቱም ተንገዳገዱ። «ቀስ» አላት። ሁለተኛውን ጠበቀችው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው እግር እግራቸውን ያዩ ጀመር፤ በየወንበሩ ወሬ ቆመ። ሠዓሊዋ የማንንም ፊት አላየችም። ቀኝ እግሯን እየጎተተች፣ ከጠራዡ ግራ ጋር እኩል እያነሣች፣ በለቀስተኛው መሃል ግቢውን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች።