የ1795ቷ ፀጉረ ብትን

ልጄ ሀብተሥላሴ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላለስ ውሎ ያገኛትን እረፍት የሚያጠፋው የአሜሪካን አሮጌ ብር በማየት ነው። ሌላው አባት ቅዳሜን ከቤተሰቡ ጋር ይጫወታል። የኔው ኦክላንድ ቤታችን ሳሎን ውስጥ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ማን እንደያዘው የማይታወቅ ሳንቲም ላይ ተደፍቶ ይውላል።

ንቄው ዝም ብዬ ነበር። ዝም ማለት ያቃተኝ የእናቴን ማርትሬዛ ሲጠይቀኝ ነው። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጆሮ ተበይዶላቸው በጥቁር ክር የተሰኩ የአንገት ጌጥ። እናቴ ተዳረችበት፣ እኔም ተዳርኩበት። በመስከረም ደግሞ ልጁ ሐኒ ትዳርበታለች።

«እማዬ፣ ሳን ሆዜ የሳንቲም ሾው አለ። ማርትሬዛውን ሰጥቼ ያጠራቀምኩትን ብጨምርለት አንድ ነጋዴ የ1795 ዶላር ይሰጠኛል። ታሪክ እኮ ነው! አሜሪካ በእስፔን ብር ስትገበያይ ኖራ፣ የራሷን የብር ዶላር መምታት በጀመረች በሁለተኛው ዓመት የመታችው ነው።»

«እኛም በኦስትሪያ ንግሥት ብር ተገበያይተናል፤ ማንም አላጎነበሰልንም» አልኩት።

ከሣጥኔ እንዳይወስደው ፈርቼ በቦርሳዬ ያዝኩትና አብሬ ሄድኩ። ሐኒም ልታስተረጉምልኝ መጣች።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሁሉ መርፌ እንደጠፋበት ሰው አጎንብሷል። ነጋዴው የተባለውን ብር ከፕላስቲክ መያዣው አውጥቶ በጨርቅ ላይ አስቀመጠልን። ይኸው ነው? ፀጉሯን ያላበጠረች ሴትዮ፣ በብሩ ጀርባ ዝናብ የመታው ጫጩት የሚያክል ንስር። የኛዋ ማርትሬዛ ደረቷ የሞላ፣ ዕንቁዋ ሲቆጠር ዘጠኝ!

ልጄ «ለማሳየት ብቻ» ብሎ ሲለምነኝ ጌጡን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ሰውየው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አፍንጫውን ነፋ።

«አያቴ፣ ተበይዷል፣ ታጥቧልም ይላል። ለኛ ጃንክ፣ ውዳቂ ነው፣ የማስበው የብሩን ክብደት ብቻ ነው፣ አቀልጠዋለሁ እያለ ነው» አለች ሐኒ።

በየፋሲካው በአመድና በሎሚ የማሸው፣ ጃንክ! ንጽሕና ነውር የሆነበት ገበያ። ልጄን አየሁት፤ የገዛ አያቱ ጌጥ ሊቀልጥ ነው ሲባል በእሺታ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

«ይሄ ሁሉ ጭረትስ ምንድን ነው?» አልኩ፣ በሴትዮዋ ፊት ላይ ያለውን እያሳየሁ።

«ክብደቱ ሲበልጥ፣ ከመመታቱ በፊት በሞረድ ይፍቁት ነበር። የሚፍቁትም ሴቶች ነበሩ። ዋጋው እሱ ነው እማዬ፣ ታሪክ!»

«እንግዲያው ይጩህ።»

አባቴ ጅማ ቡና ሲሸጥ ድንጋይ ላይ ጣል ተደርጎ ያልጮኸ ማርትሬዛ ተቀብሎ አያውቅም። ብሩን አነሳሁና የጠረጴዛው መስታወት ላይ ጣል አደረግኩት። ጮኸ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ብር ነው። ነጋዴው ግን ከብሩ የባሰ ጮኸ።

«አያቴ! ኦ ማይ ጋድ! አይነካም እኮ!»

«በይ ንገሪው። የነሱ ሴት በሞረድ ስትፍቀው ታሪክ፣ እኔ አንዴ ባስጮኸው ወንጀል?»

ሐኒ እያመነታች ነገረችው። ጎን ያለው ሽማግሌ ሳቅ አፈነው። ነጋዴው ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ዞረው፤ አዲስ ጭረት አላገኘም። ቢሆንም ለእናንተ ዓይነት ሰው አልሸጥም ብሎ ጠቀለለው። ልጄ ለመነው፤ ለመነው! እኔ አፍሬ ጌጤን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ፍሪሞንትን አልፈናል።

«ይህን ያህል ዓመት ስለሱ ሳነብ» አለ ልጄ መኪናውን እየነዳ፣ «ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር።»

«በየት ትሰማዋለህ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ቀብራችሁት!»

«ችግር የለም። በሚቀጥለው ወር ሳንታ ክላራ ሌላ ሾው አለ፤ እዚያ ሌላ ሰው አላጣም።»

ይሄ ሰው አይተወውም፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ቦርሳ ታቅፌ አልኖርም። ከኋላ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ሐኒ ዞርኩና መስከረምን ሳልጠብቅ ጌጡን አንገቷ ላይ አሰርኩላት፤ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ልጄ በመኪናው መስታወት አየን።

«አያቴ፣ ኢትስ ሶ ሄቪ።»

«ይክበድሽ» አልኳት።