የቀትር ተራ

ቆቦ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስልሳ ተማሪ የገባውን ነገር አባቴ አራጌ አልገባ ብሎት ሊገድለኝ ነው።

በሰፈራችን አምስት ቤተሰብ በአንድ የሶላር ፓምፕ እናጠጣለን። ተራ የሚደለድለው የውሃ አባታችን አያ እንዳለው ነው። በደንባችን የተከበረ ሰው ቀትሩን ይወስዳል፤ ፀሐይዋ ያኔ ትበረታለችና። አባቴ ቀትሩ ሲሰጠው ኮራ። ፓምፑ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ቀጥ ይላል፤ ሽንኩርታችን ጠውልጎ ተኝቷል። የጧቱ የሦስት ሰዓት ተራ ባሏ የሞተባት የዘኪያ ነው፤ የሷ ቲማቲም ለምልሟል።

"ፓምፑ ሰው ያያል" ይላል አባቴ።

የፓምፑ ቤት ጣራ ላይ ወጥቼ አየሁት። የሶላሩ ሳህኖች ከቆርቆሮው ጋር ተለጥፈው እጅ ያቃጥላሉ። ሁለቱ ስለተሰበሩም የቀሩት በጭንቅ ነው ፓምፑን የሚያስነሱት።

"አባዬ፣ ሶላሩ ሲሊከን ነው። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን አንስቶ ክፍተት ያሻግረዋል፤ ውሃውን የሚስበው ያ የተሻገረው ነው። ሲሊከኑ ሲግል ክፍተቱ ይጠባል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ያኔ ፓምፑ ራሱን ያጠፋል።"

"ፀሐይ ስትበረታ ጉልበት ያንሳል? ይችን እንድትማሪ ነው የለፋሁልሽ?"

"ብርሃኑ ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ ነው!"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ስለዚህ ቅዳሜ ቀትር፣ ፓምፑ እንደቆመ፣ ሰዉን ሁሉ ጠራሁና ሁለት ጀሪካን ውሃ ሳህኖቹ ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ትንሽ ቆይቶ ፓምፑ ተነሳ።

"እንጨት አዋጥተን ሳህኖቹን ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ከፍ እናድርጋቸው" አልኩ። "ነፋስ በታች በኩል ይለፍ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ውሃው ለሁላችንም ይበቃል።"

አያ እንዳለው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ልጅቱ እውነት ብላለች። ቀትር ክፉ ተራ ኑሯል። እንግዲህ አራጌ የተከበረ ሰው ነው፤ የጧቱን ይውሰድ። ቀትሩ ለዘኪያ ይሁን።"

"እንጨቱስ?" አልኩ።

"ነገሩ አለቀ እኮ፣ ምን ያደርጋል?" አለና በትሩን አንስቶ ሄደ። ሰዉም ተከተለው። ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ለዚህ ነበር?

አባቴ ትከሻዬን መታ አድርጎ "የተማረ ይግደለኝ" አለ፣ ፊቱ በርቶ። ዘኪያ ብቻ አልሄደችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀስ ብላ ቀረበችኝ።

"ራቢዓ" አለችኝ፣ "እኔ ምን በድዬሽ ነው?"