ሁለት ጠብታ

ወንድሜን ቤት ውስጥ አፍንጮ ነበር የምንለው። ድስት ሊያርር ሲል ከእናታችን ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። የእሱ ሥራ ጉድጓድ መጥረግ፣ የእኔ ደግሞ ውሃ መመርመር፤ እኔ ሳልፈርም ጉድጓድ አይገባም። «አንቺ ወንበር ላይ ሆነሽ ታዢኛለሽ፣ እኔ ጭቃ እዝቃለሁ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ቀዳሁ። የዓመታት ቅጠል በስብሶበት ሻይ መስሏል፤ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል። ሽታው ሰልፋይድ ነው፤ ከውሃው ሲወጣ ሰው የሚገድል ጋዝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውሃ እንደተቀዳ፣ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሁለት ጠብታ የዚንክ መድኃኒት ይደረግበታል። አለበለዚያ ከቅጠሉ የወጣው ቡናማ ነገር ሰልፋይዱን ከራሱ ጋር ያዋህደዋል፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ አዲስ እየተፈጠረ ቢሆንም፣ መሣሪያው ጠርሙሱ ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔው ነኝ! ዝናብ መጣ፤ «ቢሮ ስደርስ አደርገዋለሁ» ብዬ ሮጥኩ። ቢሮ ስደርስ ሌላ ሥራ ያዘኝ።

ሐሙስ ጠርሙሱን ስከፍት ምንም አልሸተተኝም። መሣሪያውም ምንም አላገኘም። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኟ፤ «የለም» ብዬ ፈረምኩ።

ዓርብ ጠዋት ወንድሜ ከጉድጓዱ አፍ ደወለልኝ።

«እህት ዓለም፣ ይሸታል እኮ።»

«ትላንት መርምሬዋለሁ፣ ምንም የለውም። አፍንጫህን ተውና ሥራህን ሥራ።»

«እሺ እመቤቴ። አንቺ ካልሽ አፍንጫዬ ዋሽቷል።»

ሳቀና ገባ። በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ነፍሱ አልነበረችም።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ እናቴ «እህቱ መርምራው ነበር፤ ልጄ ስህተት አታውቅም። የከዳን ውሃው ነው» ትለዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መሬት መሬት አያለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ልብሱን ስናጣጥፍ የሥራ ቱታውን አላስነካ አለችኝ። «እንዳታጥቢው፤ እሱን እሱን ይሸታል» ብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጠብታውን፣ ዝናቡን፣ ጠርሙሱን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት። ስለ ቅጠሉና ስለ ሰልፋይዱ ምንም አልጠየቀችኝም።

«ልጄ ሸቶት ነበር?»

«አዎ እማዬ። ነግሮኝ ነበር።»

ቱታውን እቅፍ አደረገችው።

«በሩን ዝጊልኝ» አለች።

ወጥቼ ዘጋሁት።