ወይኑ ጋዝ ነው

ኦቶሪኖ ቅጹን ሲሞላ ቆይቶ «በዕቃው ውስጥ የሚገባው ነገር» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና «ፈሳሽ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ስለሚጽፈው ነገር እርግጠኛ የሆነ ሰው ከሥር አያሰምርም።

ዕቃው ገና ያልተሠራ ታንከር ነው፤ ከአይዝጌ ብረት የሚሠራ፣ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ፣ ስድስት ባር ግፊት የሚችል። ያዘዘው ቱሊዮ ነው። ቱሊዮ ከኮኔሊያኖ ከተማ በላይ ባለው ዳገት ላይ የወይን እርሻ አለው፤ ከኦቶሪኖ ጋር አርባ ዓመት ሲሰዳደቡ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። የኦቶሪኖ ወርክሾፕ እስከዛሬ ሲሠራ የኖረው ተራ የወይን ማስቀመጫ ነው፣ ግፊት የሚባል ነገር የሌለበት። ይህን አዲስ ትእዛዝ የተቀበለችው የእህቱ ልጅ ኒቬስ ናት። ኒቬስ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምራ የመጣች መሐንዲስ ስትሆን፣ ወርክሾፑን በሦስት ወር ውስጥ እለውጠዋለሁ ብላ ተነስታ እስካሁን የተሳካላት የመጸዳጃ ቤቱን የበር ቁልፍ መለወጥ ብቻ ነው።

«ፈሳሽ» የሚለው ቃል ከብዙ ጣጣ ይገላግላል። ሕጉ ግፊት ያለበትን ዕቃ እንደ አደጋው መጠን ከአንድ እስከ አራት ይመድበዋል። ፈሳሽ የሚይዝ ታንከር በስድስት ባር ምድብ ውስጥ እንኳ አይገባም፤ ወርክሾፑ ራሱ ሠርቶ ራሱ ይፈርማል። ጋዝ የሚይዝ ከሆነ ግን ግፊቱ በሊትሩ ይባዛና አሥራ ሁለት ሺህ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ አራተኛው ምድብ ነው፣ ከሁሉ የከበደው። አራተኛ ምድብ ማለት ከውጭ ተቆጣጣሪ ይመጣል ማለት ነው። ተቆጣጣሪው የታንከሩን ንድፍ ያያል፣ ብረቱን ያያል፣ በመጨረሻም በያጁን ፊቱ አቁሞ እስቲ በይድ ይለዋል።

በያጁ ኦቶሪኖ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች ብረት ይቆርጣሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ይወለውላሉ፤ የብየዳውን እጀታ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእሱ በቀር የነካው የለም። የኦቶሪኖ ቀኝ ዓይን ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉም ለብሷል። ግራው ድሮም ሰነፍ ነበር።

መፍትሔ አልፈለገም አይባልም። መጀመሪያ የብየዳ ጭምብሉን መስታወት ቀየረ። ከዚያ ጭምብሉን ቀየረ። ከዚያ የወርክሾፑን አምፖሎች በሙሉ ቀየረ፤ ያም አልበቃ ሲለው የመብራት ድርጅቱ ጋ ደውሎ ኃይል ትሰርቁኛላችሁ ብሎ ተሳደበ። ያልሄደው ሐኪም ቤት ብቻ ነው። ለማንም አልተናገረም። ፈተናውን ከወደቀ ኒቬስ ከትሬቪሶ የምስክር ወረቀት ያለው ጎረምሳ እንደምታመጣ፣ እሱም በገዛ ወርክሾፑ መጥረጊያ ይዞ እንደሚቀር ያውቃል። ስለዚህ ወይኑ ፈሳሽ መሆን ነበረበት።

ኒቬስ ቅጹን አንስታ አየችው።

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቅጽ ነዋ።»

«ፈሳሽ ያልከው ምኑን ነው?»

«ወይኑን።»

«ፕሮሴኮ እኮ ነው፣ አረፋ ያለው።»

«ፕሮሴኮ ወይን አይደለም? እስቲ ንገሪኝ ኢንጂነር፣ አንቺ የምትጠጪው በአፍሽ ነው በአፍንጫሽ?»

«በአፌ።»

«በቃ ፈሳሽ ነው። እኔ ጋዝ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ኒቬስ ወንበር ለመሳብ ትዕግሥት ስላልነበራት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሕጉ አንተ በምን እንደምትጠጣው አይጠይቅም። ታንከሩ ውስጥ ተዘግቶ ሲሞቅ ክዳኑን ይገፋል ወይ ነው የሚለው። ከልክ በላይ ከገፋ ከሥሩ ወይን ኖረ አልኖረ ጋዝ ተብሎ ይመደባል።»

«ሕጉን የጻፈው ማነው?»

«ብራስልስ ነው የተጻፈው።»

«ቢራ ጠጪዎች» አለ ኦቶሪኖ፣ ነገሩ ሁሉ እንደተገለጠለት ሰው።

ረፋድ ላይ እንደ ልማዱ ቱሊዮ በአንድ እጁ ጠርሙስ፣ በሌላው ግማሽ የሶፕሬሳ ቋሊማ ይዞ ገባ። በዚህ አገር ረፋድ ላይ ባዶ እጁን ወርክሾፕ የሚመጣ ሰው ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው ወይ ታሟል። ኦቶሪኖ አጋር በማግኘቱ ፊቱ በራ።

«ቱሊዮ፣ በሰዓቱ ደረስክልኝ። ይቺ ልጅ ወይንህን ጋዝ ነው ትላለች።»

ቱሊዮ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «የኔን ወይን?»

«ያንተን።»

«አያቴ የተከለውን?»

«እሱኑ።»

ቱሊዮ ወደ ኒቬስ ዞረ። «ልጄ፣ እናትሽን አውቃታለሁ፤ ጨዋ ሴት ናት። አሁን ይቅርታ ጠይቂና እንብላ።»

«እሺ፣ ተሳስቻለሁ» አለች ኒቬስ። እስክሪብቶ አነሳች። «እንግዲያው ትእዛዙን ላስተካክለው። ታንከሩ አረፋ ለሌለው ወይን ነው ብዬ ልጻፍ?»

«አረፋ ለሌለው? ለምን ሲባል?»

«ፈሳሽ ብቻ ነው አላችሁ እኮ። አረፋ ከሌለ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ቀጭን ብረት ይበቃል። አንተም ጠርሙሱ ላይ ‹ጋዝ የለበትም› ብለህ ትለጥፋለህ።»

«አረፋ የሌለውን ማን ይገዛኛል?»

«እኔ ምን አውቄ። ደግ ሰው አይጠፋም።»

ቱሊዮ ቢላዋውን ቋሊማው ላይ ሰክቶ ተወው። «ስሚኝ ልጄ። ፈሳሹንማ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለ ደነዝ ሁሉ ይሠራዋል። አጎትሽ እንኳን ሠርቷል፤ ያው እስከዛሬ ሰላጣ ላይ እየጨመርን ነው። የኔ ወይን ማለት አረፋው ነው። ከብርጭቆው ሥር እንደ ክር ተስቦ የሚወጣው። የቀረው ማጓጓዣ ነው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ጋዝ ነው። ጻፊ። በትልቁ ጻፊው።»

«አንተ ከሃዲ» አለው ኦቶሪኖ። «ለአያትህ ምን ልትለው ነው?»

«አያቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሦስት ብርጭቆ በኋላ ጋዝ ስለመሆኑ ራሱ ይመሰክር ነበር።»

ኒቬስ አዲስ ቅጽ ሞላች። ተቆጣጣሪዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እንደምትመጣ ታወቀ።

ኦቶሪኖ ሠራተኞቹ ምሳ በወጡ ቁጥር ቁርጥራጭ ብረት እየደረደረ ይለማመድ ጀመር። ለራሱ የሚነግረው ነገር ነበረው፤ ጥሩ በያጅ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ይበይዳል፣ ድምፁ እንደሚጠበስ ቅቤ ከሆነ ብየዳው ደህና ነው። ድምፁ እንደሚጠበስ ቅቤ ነበር። አንድ ቀን ኒቬስ ደረሰችበትና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነይ እስቲ፣ ይህ ስንት ሚሊሜትር ነው? አንብቢልኝ» አላት መለኪያውን እየሰጣት። «መነጽሬን ረስቼው ነው።»

«መነጽር የለህም እኮ።»

«ለዚያ ነው የረሳሁት።»

«አጎቴ፣ ዓይንህን ታየው።»

«ዓይኔን አትንኪብኝ። ይልቅ አንቺ እግርሽን ማወዛወዝ ተይ፤ ጠረጴዛው ተናጋ።»

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ኤርሲሊያ ትባላለች፤ አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ደቃቃ፣ ጎማ ያለው ሻንጣ የምትጎትት ሴት ናት። ማንም ሳይጠራው የመጣው ቱሊዮ ብርጭቆ ሲዘረጋላት «ሥራው ሲያልቅ» አለች፤ ብርጭቆው ግን እንዳይወሰድ በዓይኗ ጠበቀችው። ሁለት የብረት ላሜራዎች ቁጥር መትታባቸው ለኦቶሪኖ ሰጠችው።

«ማስትሮ» አለችው፣ የእጅ ባለሙያ በአክብሮት እንደሚጠራበት፣ «ሲመችዎት ይጀምሩ።»

ኦቶሪኖ ጭምብሉን ደፋ። ብርሃኑ ፈነጠቀ፤ ለእሱ ግን ብርሃኑም ጉም ነበር፣ ነጭ ጉም፣ በመሃሉ ደግሞ መጋጠሚያው ይሆናል ብሎ ያሰበው ጥቁር መስመር። ጆሮውን አቀና። ድምፁ ጥሩ ነበር። እጁ የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ። ሲጨርስ ጭምብሉን አንስቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ኒቬስን «አየሽ?» በሚል ዓይን አያት።

ኤርሲሊያ ላሜራውን በጉጠት ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። «ቆንጆ ብየዳ ነው» አለች። «እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ ሁሉም እኩል። እጅዎ ፍጹም አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለ ካየሁ ቆየሁ።»

«አመሰግናለሁ።»

«ያሳዝናል፣ መጋጠሚያው ላይ አይደለም።»

«አይደለም?»

«እስከ ግማሹ ነው። ከዚያ ብረቱ በአንድ በኩል ቀረ፣ እርስዎ በሌላ በኩል ሄዱ።» ላሜራውን ገልብጣ አሳየችው። ከጀርባው ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ያን ያህል ሰፊ ስለሆነ እሱም ሳይቀር አየው። «ቅጹ ላይ ፈሳሽ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ ቢሆን ይህን ማንም አያገላብጠውም ነበር።» ወደ ቱሊዮ ዞረች። «ታንከሩ አጠገብ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት?»

«ቀኑን ሙሉ» አለ ቱሊዮ። ቋሊማ መቁረጡን አቁሞ ነበር።

«የትኛው ዓይንዎ ነው ማስትሮ?»

ኦቶሪኖ ቀና ብሎ አምፖሎቹን አየ። ሁሉም አዲስ ናቸው። ጭምብሉም አዲስ ነው። የሚሳበብበት ነገር አልቆበት ነበር።

«ቀኙ» አለ።

«ሞራ ነው?»

«ሐኪም አላየውም።»

«ደንቡ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅዳል» አለች ኤርሲሊያ ወረቀቷን እየጻፈች። «ዛሬውኑ ይድገም አይልም። ዓይንዎን ሲታከሙ ይደውሉልኝ።» ከዚያ ብርጭቆዋን አነሳች።

እሷ ስትሄድ ኒቬስ «ማክሰኞ ጠዋት፣ ትሬቪሶ» አለች።

«ምኑ?»

«የዓይን ሐኪሙ። ቀጠሮውን ያስያዝኩት ከወር በፊት ነው።»

«ከወር በፊት? ታዲያ ሰው ፊት እንዲህ ስዋረድ ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበር?»

ኦቶሪኖ የምር አሰበበት። «አልሄድም ነበር» አለ።

ቀዶ ጥገናው ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ኦቶሪኖ ሲያወራው ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከአንድ ወር በኋላ ወርክሾፑ ሲመለስ መጀመሪያ ያገኘው ቱሊዮን ነበር። ትክ ብሎ አየው።

«መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«አንተ ሳታይ» አለው ቱሊዮ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና በራፉ አጠገብ የቆመውን ያለቀ ማስቀመጫ እየዞረ አየ። እግሮቹ ከታች ከተገጠሙበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። «ይህን ማነው የበየደው?»

ሁለቱ ሠራተኞች አንገታቸውን ደፉ።

«እጠይቃለሁ እኮ። ዶሮ ነው የጫረው?»

«አንተ ነህ» አለች ኒቬስ። «ባለፈው የወይን ለቀማ ጊዜ።»

ኦቶሪኖ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ቀና ሲል «ከሁለት ዓመት ወዲህ የሸጥነውን ሁሉ ስም ዝርዝር አውጪልኝ» አላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናው ላይ የብየዳ ማሽኑን ጭኖ ከወይን ቤት ወይን ቤት ዞረ። እነዚያ ማስቀመጫዎች ግፊት የለባቸውም፤ ቢበዛ ቢያንጠባጥቡ ነው፣ ከመካከላቸው ሁለቱ ያንጠባጥቡ ነበር። ኦቶሪኖ ለባለቤቶቹ «አዲስ የብራስልስ ደንብ ወጥቷል» እያለ የብየዳውን ስፌት ፍቆ እንደገና በየደ። ሰዎቹም ብራስልስን አብረውት ረገሙ፣ ቀዱለትም።

በድጋሚው ፈተና ኤርሲሊያ ላሜራውን ገለበጠች፣ አየች፣ መልሳ ገለበጠች። የብየዳው ራጅ ከሳምንት በኋላ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ የምስክር ወረቀቱን ላከችለት፤ አብሮም የራሱ ቁጥር መጣ፣ ሰባት የሚል። የበያጁ ቁጥር ከሠራው ስፌት አጠገብ ብረቱ ላይ ይመታል፤ ማን እንደበየደው እንዲታወቅ።

ታንከሩ ሲያልቅ ኒቬስ ዙሪያውን እየሄደች ቆጠረች። «አሥራ አንድ ቦታ ነው የመታኸው። ለአንድ ስፌት አንድ ይበቃል ይላል።»

«ሕጉ ትንሹን ነው የሚናገረው።»

ቱሊዮ ታንከሩን ሊረከብ መጣ። እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ ጊዜ ዞረው፣ ሁለተኛ ዞረው። «ይህ ሰባት ሰባት የሚለው ምንድነው? ገጹን ሁሉ ፈንጣጣ አስመሰለው።»

«እኔ ነኝ» አለ ኦቶሪኖ።

ቱሊዮ ታንከሩ ግርጌ ያለውን ቁጥር ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ ዘመም ብላለች።»

«የቷ?» አለ ኦቶሪኖ፣ ለማየት እየተንበረከከ።