የስታርች ቅዳሜ

ስታርች የሚለውን ስም ያወጣላት ቆራጩ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? በዚያ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የሰውየው መቀስ ካረፈ ምላሱ አያርፍም፤ ምላሱ ካረፈም መቀሱ አያርፍም። የእሷ ሥራ ካውያ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሉት፣ የአስተናጋጅ ሸሚዝ፣ የሐኪም ጋዋን፣ ከስፌት መኪና ተጨማዶ የወጣ ሁሉ ሰው ፊት የሚቀርበው በእሷ እጅ ካለፈ በኋላ ነው። በካውያ የሚወዳደራት የለም፤ ይህን ቆራጩም አይክድም። ጣጣው የመጣው በሾርባ ነው።

አራት ጓደኛሞች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ተራ ገብተው በየቤታቸው ምሳ ይገባበዛሉ። ደንባቸው አንድ ነው፦ ባለተራው ከዚያ በፊት ሠርቶት የማያውቀውን ምግብ ይሠራል። የለመዱትን ማቅረብ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። በዕድሜ የሚበልጧቸውና ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ምድጃ ውስጥ አብስለው አቅርበዋል። ቁልፍ ሰፊዋ ዱባ በሊጥ ሸፍና ጋግራለች። ወንደላጤው ቆራጭ እንኳ የተፈጨ ሥጋ አድበልብሎ በቲማቲም ስጎ ሠርቶ ሁሉንም አፍ አስይዟል፤ ድብልብሎቹ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ ሳያንስ፣ በልክ የተቆረጡ ነበሩ።

የስታርች ተራ በደረሰ ጊዜ የአትክልት ሾርባ መረጠች። ከስልኳ ላይ ያነበበችው አሠራር «ለማወፈር ጥቂት የበቆሎ ስታርች» ይላል። ጥቂት ማለት ስንት ነው? ሌላ ሰው ቢሆን የሻይ ማንኪያ ይፈልግ ነበር። እሷ ግን ስታርችን የምታውቀው ሸሚዝ ሲያጠነክር ነው፤ ለአንገትጌ የሚሆነውን ያህል በእጇ መጥና በጠበጠችና ጨመረችው። ሾርባው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆራጩ ማንኪያውን መሀሉ ላይ ተክሎ እጁን ለቀቀ፤ ማንኪያው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን አንገቴ ላይ አስሬ ሰርግ መሄድ እችላለሁ» አለ።

ሆዳቸው ቁርጥ እስኪል ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈባት።

ከዚያ ወዲህ ተራዋ ሲቃረብ እትዬ በእናት አንደበት ጠጋ ይሏትና «አንቺ የኔ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይው። ተራሽን እኔ እሸፍናለሁ፤ ዳቦ ብቻ ይዘሽልን ነይ፣ ይበቃል» ይላሉ። በንግግራቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የሚያንገበግባትም እሱ ነው። ክፋት ቢሆን አፍ አላት፣ ትመልስ ነበር። ደግነትን ምን ብለው ይመልሱታል? ዳቦዋን ታቅፋ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ሆዷ ጠግቦ ቆሽቷ አርሮ ትመለሳለች።

አንድ እሑድ ስልኳን ስትነካካ ቋንቋዋ የማይገባት ሴትዮ ምግብ ስትሠራ አየች። አፏን ትታ እጇን ተከተለች። ሴትዮዋ የድስቱን ወለል በክብ በክብ በተቆረጠ ድንች ሸፈነች፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና የዶሮ ሥጋ ደለደለችበት፣ በላዩ በእርድ ቢጫ የሆነ ሩዝ ሞላች፣ ውሃ አፈሰሰች። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈችና ከነጨርቁ ከደነችው። ሲበስል በትሪ ላይ ገለበጠችው፤ ድንቹ ወርቅ መስሎ ከላይ ወጣ። ስታርች ከተጋደመችበት ተነስታ ቁጭ አለች።

«እንፋሎትና እርጥብ ጨርቅ!» አለች ለራሷ። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው።»

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሻይ ሲጠጡ «መጪው ቅዳሜ የኔ ነው፤ እኔ ቤት» ብላ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። እትዬ የተለመደውን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቷን አዩና መልሰው ዘጉት። ቆራጩ ግን ነገር ይበላዋል።

«ዳቦውን ታዲያ ማን ያመጣል?»

«ዳቦ የሚያስፈልገው ምግብ አይደለም» አለችው።

ይህን ከተናገረች በኋላ መመለሻ የለም። ይህ ቅዳሜ ከተበላሸ ሁለተኛ ተራ አይሰጧትም፤ እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ አትጠይቅም።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የቀረበለትን በልቶ የሚያመሰግን ሰው ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ምስጋናው ተሟጠጠ። ሰኞ ማታ ሩዙ ሲገለበጥ ግማሹ ድስት ውስጥ ቀረ። ማክሰኞ ጓጓችና መሀል ላይ ከፍታ አየችው፤ እንፋሎቱ አመለጠና የላይኛው ሩዝ ጥርስ የሚሰብር ሆነ። ረቡዕ እሳቱን አበዛችና ድንቹ አረረ። ሐሙስ ተሳካ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ባሏ ሳህኑን እየጠረገ። «ነገ ሌላ ምግብ እናያለን ማለት ነው።»

«ነገም ሩዝ ነው።»

«እንዴ! ተሳካልሽ አይደል?»

«አንዴ ሰው ተሳስቶም ይሳካለታል። ድገመው ሲሉት ነው የሚታየው።»

ዓርብም ተሳካ። ባሏ በላ፤ ምስጋናውን ግን ለቅዳሜ አቆየው።

ቅዳሜ ቤቱ ተሰናዳ። ጠረጴዛዋ ለአምስት ሰው ስለማትበቃ የመተኮሻ ጣውላዋን ከጎኗ ዘርግታ ነጭ ጨርቅ አለበሰችው፤ ያላወቀ ሰው ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ይላቸዋል። ድስቱ ተጥዷል፣ እርጥቡ ጨርቅ ተነጥፏል፣ በላዩ ትልቁ የብረት ትሪ ተደፍቷል። ባሏ ለስላሳ ሊገዛ ወርዷል፤ ሲወጣም ቀድሞ የመጣውን ቆራጭ አስገብቶ «ቁጭ በል፣ መጣሁ» ብሎታል። ቆራጩ ቁጭ የሚል ሰው ይመስል! ስታርች መኝታ ቤት ቀሚስ ስትቀይር ወጥ ቤት በኩል የብረት ድምፅ ሰማች። አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ጌጥ እንዳንጠለጠለች ሮጠች።

ቆራጩ በአንድ እጁ ትሪውን፣ በሌላው ጨርቁን ይዞ ድስቱ ላይ አጎንብሷል። መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፍኗል።

«ሽታው ጠርቶኝ ነው» አለ፣ ማን እንደመጣበት እንኳ ሳያይ።

ክው አለች። ዓይኗ የማክሰኞውን ሩዝ አየ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በየሰው በር ዳቦ ታቅፋ ስትቆምም ራሷን አየች።

«አንተ ሰውዬ! ሸሚዝ ከካውያ ሥር እየጎተትክ ታያለህ? ወዲያ ሂድ! ውጣልኝ!»

ቆራጩ እንዲህ ስትቆጣ አይቷት አያውቅም። ትሪውን አስቀመጠና በግድግዳው ተለጥፎ ወጣ። እሷ ጥቂት ፍሬ ከላይ ዘግና ቀመሰች፤ ጥሬ ነው። እሳት ብትጨምር ድንቹ ያርራል፤ ረቡዕን አልረሳችም። ከሥር በቂ ሙቀት አለው። የጎደለው የላይኛው ነው። በላይ በኩል ሙቀት አምጥቶ፣ እርጥብ ጨርቅ አስደግፎ፣ እንፋሎቱን ወደ ታች መላክ... ዕድሜ ልኳን ሌላ ምን ስትሠራ ኖረች?

የፈላ ውሃ በማንኪያ ዙሪያውን ጠብ ጠብ አደረገች። ጨርቁን እንደገና ነክራ ጨመቀችና አነጠፈችው፣ ትሪውን ደፋችበት። ከዚያ ካውያዋን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰካችና ሲግል ትሪው መሀል ላይ ቁጭ አደረገችው። እጀታውን ይዛ እንደ ልማዷ ከዳር ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ዳር ታንቀሳቅሰው ጀመር። ትሪው ሥር ጨርቁ ሲተነፍስ ሰማች። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ እልህዋ ወደ ተስፋ ተለወጠ።

እትዬና ቁልፍ ሰፊዋ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ድስት ላይ የተጫነውን ካውያ አዩ።

«ወይ ጉድ! ምን እየሆነ ነው?» አሉ እትዬ።

«ምሳችን እየተተኮሰ ነው» አለ ቆራጩ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ። ቁልፍ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት፤ እትዬ ግን አልሳቁም። የልጅቷ ጉድ ፈላ ብለው አዝነው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ድስቱ ተራመዱ።

«ተይ ላግዝሽ የኔ ልጅ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቀመጡ» አለች ስታርች። ካውያውን አልለቀቀችም። እትዬን እንዲህ ብሎ የመለሳቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ተቀመጡ።

ባሏም ለስላሳውን ይዞ መጣ፤ ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ሆነው ጠበቁ። ስታርች ካውያውን አነሳችና ነቀለችው፣ እሳቱን አጠፋች፣ ድስቱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ታገሰች። ከዚያ በጨርቅ ይዛ ጠረጴዛው ላይ አመጣችው። እርጥቡን ጨርቅ ከትሪው ሥር መዝዛ ትሪውን መልሳ ገጠመች። ባሏ ሊይዝላት ሲነሳ በዓይኗ አስቀመጠችው። ትሪውንና ድስቱን አንድ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘችና ገለበጠችው። የድስቱን ቂጥ መታ መታ አደረገች። ውስጡ ድብ ሲል ሁሉም ሰሙት። ድስቱን ቀስ ብላ አነሳች።

ሩዙ በድስቱ ቅርጽ ቆሟል። ድንቹ ከላይ ክብ በክብ ተደራርቦ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሀሉ ወርቅ ሆኗል። አንዲት ድንች ብቻ ድስቱ ውስጥ ቀርታለች፤ በሹካ ላጥ አድርጋ ቦታዋ ላይ መለሰቻት። ቁልፍ ሰፊዋ አጨበጨበች። ስታርች ግን ገና አልጨረሰችም። ማንኪያዋን ከሥር ሰድዳ፣ ቅድም ከላይ የነበረውን ያንን ጥሬ ሩዝ አውጥታ ከሁሉም በፊት ቀመሰች። ለስልሷል። ፍሬው ከፍሬው ሳይጣበቅ ለስልሷል። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሊደበቅ የማይችል ኩራት ነበር፤ እሷም ለመደበቅ አልሞከረችም።

«ብሉ!» አለች። «እንደዚህ ያለ አልበላችሁም።»

በሉ። ቆራጩ ሁለት ጊዜ አስደገመና ሦስተኛውን ሲቀበል ምላሱ ተመለሰለት።

«እጅ ያስቆረጥማል። ግን እውነቱን እንናገር፣ እኔ ባልከፍተው ኖሮ ካውያው ትዝ አይላትም ነበር። ግማሹ የኔ ሙያ ነው።»

«እኔ ምን ልበል?» አለ ባሏ። «ሳምንቱን ሙሉ የበላሁት እኔ!»

ሳቅ በሳቅ ሆኑ። እትዬ ብቻ ከሳህናቸው ቀና አላሉም። የሰው ቤት ሲበሉ ሁለተኛ አንስተው አያውቁም፤ ዛሬ ሳህናቸውን ዘረጉ። ስታርች ከድንቹ መርጣ ሞላችላቸው። የሌሎቹን ሙገሳ ሰምታ ደስ ብሏታል፣ ጆሮዋ ግን የእሳቸውን ነው የሚጠብቀው። እትዬ የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ።

«የልጄን እጮኛ ወላጆች በሚቀጥለው ወር ልናስተናግድ ነው» አሉ። «የመጀመሪያ ጊዜ መገናኘታችን ነው። ምን ላብላቸው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ለዚያ ምሳ የገዛ እህታቸውን እንኳ ወጥ ቤታቸው እንዳትገባ መከልከላቸውንም ያውቃሉ።

«ነይና አንቺ ሥሪልኝ» አሉ እትዬ። «ወጥ ቤቱን እለቅልሻለሁ። እኔ እንግዶቹ ጋ እቀመጣለሁ።»

የቆራጩ ሹካ አየር ላይ ቆመ። ስታርች ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን ችዬ» የሚለው ቃል፣ ሰው ባመሰገናት ቁጥር የምትለው ቃል፣ እንደ ወትሮው አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ቀና ብላ አየቻቸው።

«እሠራልዎታለሁ» አለች። «ስንት ሰው ነው?»