የጉም መውጫዋ ተቀጥላ

እትዬ ብርሀንነሽ አስቻለችን "ተቀጥላዬ" ብለው የሚጠሯት ለቁልምጫ ነበር። ነገር ግን ተቀጥላ ማለት በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የዛፉን ውሃ የሚመጥ ቅጠል መሆኑን የማያውቅ ገበሬ በዚያ አገር የለምና፣ ጎረቤቱ ቁልምጫውን ትቶ ስድቡን ያዘው። ውሃ ስትቀዳ ተቀጥላ፤ ከገበያ ስትመለስ ተቀጥላ። እሷም አብራ ትስቃለች። በሰው ቤት የሚኖር ሰው ሳቁ ባይመጣም ይስቃል፤ ይህን ያልኖረበት አያውቀውም።

የመጣችው በስልሳ አምስቱ ድርቅ ማግስት ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ባሏንና የጡት ልጇን ቀበረች፤ ደሴ መጠለያ ገብታ ደግሞ ጠዋት አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ማታ በቃሬዛ ሲወጣ አየች። ከዚያ ከኩታበር የሚመለሱ የነጋዴ በቅሎዎችን ተከትላ ወደ ምዕራብ ነጎደች። የት እንደምትሄድ አታውቅም፤ መራቅ ብቻ ነው የፈለገችው። ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘነብልበት ቀበሌ ሲደርሱ ጉልበቷ ከዳትና እትዬ ብርሀንነሽ አጥር ሥር ወደቀች። አሮጊቷ ባል የሞተባቸው፣ ምላሳቸው የሚናደፍ፣ እጃቸው የማይሰስት ሴት ናቸው። "ደጄ ላይ የወደቀ የኔ ነው" ብለው አስገቧት። በጥጋብ ቀን ደግ መሆን ለማንም አያቅትም፤ እሳቸው ደግ የሆኑት የገዛ ጎተራቸው ወለሉ ሲታይ ነው።

ሲሻላት ወፍጮው፣ ውሃው፣ እንጨቱ የእሷ ሥራ ሆነ። አንድ የማታውቀውን አበባ ያገኘችውም እንጨት ስትለቅም ነው። ከቀበሌው ዳር ጉም መውጫ የሚባል የገደል አፋፍ አለ፤ ጠዋት ከበረሃው የሚነሳው ጉም መጀመሪያ ብቅ የሚለው በዚያ በኩል ነው። ድንጋይና ዝንጀሮ የሞላበት ስለሆነ አርሶት የሚያውቅ ሰው የለም። እዚያ ካለው ትልቅ ወይራ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከወፋፍራም ቅጠሎች መሀል፣ ከኋላቸው ቀጭን ረጅም ጭራ የተንጠለጠለባቸው ነጫጭ አበቦች ተደርድረው አየች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽታቸው መጣ። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ደስ ያላት ያን ቀን ነበር፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

ወዲያው አንዱን ከነሥሩ አንስታ ወደ ቤት ወሰደችው። ገበሬ ናትና የወደደችውን ነገር ገበሬ እንደሚያደርገው አደረገችው። ከጓሮው ምርጥ አፈር ላይ ፍግ አልብሳ ተከለችው፤ ጠዋት ማታ አጠጣችው። ሥሩ በሰበሰ። ሌላ አመጣችና ከአጥሩ እንጨት ላይ በልጥ አሰረችው፤ እሱ ደግሞ በበጋው ፀሐይ ተጨማዶ ደረቀ። እትዬ ብርሀንነሽ እያዩ ሳቁባት።

"ተቀጥላ ተቀጥላን ላሳድግ አለች" አሉ። "ዛፉን እኮ ነው የሚበላው። ከዛፉ ከለየሽው በምን ይኑር?"

ነገሩ ከነከናት። ከዚያ ወዲህ እንጨት ለቀማ በሄደች ቁጥር ወይራው ሥር ቆማ ታየው ጀመር። ነጫጭ ሥሮቹ ቅርፊቱን ይዘው ይሄዳሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም። ጉም ሲነካቸው አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ተመልሰው ይነጣሉ። ለካ የሚያጠጣው ዛፉ አይደለም፤ ጉሙ ነው። ዛፉ የሰጠው መቀመጫና ጥላ ብቻ ነው።

በስልሳ ሰባት ዘማች ተማሪዎች ሲመጡ፣ ንጉሡ የሚባለው ዘማች አበባውን አይቶ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ኦርኪድ እንደሚባል ነገራት። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው አላት፤ ከክረምት ሜዳ ሣር መሀል የሚወጣ አለ፣ ከቋጥኝ ላይ የሚበቅል አለ፣ እንደዚህኛው ዛፍ ላይ የሚኖር አለ፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው፣ ከቦታው ሲያነሱት ይሞታል። "ቦታው ላይ ከተዉት ግን ከማንም ምንም አይፈልግም" አላት። አስቻለች ይህን ቃል ይዛ ቀረች።

ዘማቾቹ የመጡት ግን አበባ ሊያዩ አልነበረም። መሬት ለአራሹ ታውጆ ነበር፤ ወንድ ሴት ሳይባል አርሳለሁ ላለ ሁሉ ይሰጣል ተባለ። ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ አቶ አምባቸው ሊቀመንበር ሆኑ፣ የድልድሉ ቀን ተቆረጠ። አስቻለች ወሬውን ከሰማችበት ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። የራሷን መሬት ፈለገች። ትንሽም ትሁን፣ ክፉም ትሁን፣ የራሷ ትሁን።

ለእትዬ ብርሀንነሽ ስትነግራቸው እጃቸው ሥራው ላይ ቆመ።

"ምን አጎደልኩብሽ?"

"ምንም አላጎደሉብኝም፣ እትዬ። በሕይወት ያለሁት በርስዎ ነው።"

"እኮ ታዲያ?"

"ዛሬ እርስዎ አሉ። ነገ ግን የቤቱ ጌታ ልጅዎ ሞላ ነው። ሰው ቤት ማርጀት እፈራለሁ።"

"እግዜር ይይልሽ" አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገሯትም። ምግቡን ያቀርቡላታል፣ ጋቢውን ይወረውሩላታል፤ ቃል ግን የለም። አስቻለች ረሀብን ታውቀዋለች፤ ይህኛው ዝምታ ከረሀብ ባይብስም ከረሀብ የሚያንስ አልነበረም። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

የድልድሉ ቀን ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የየቤቱ ድርሻ እየተነገረ እነ እትዬ ብርሀንነሽ ዘንድ ሲደረስ ልጃቸው ሞላ ተነሣ። ሞላ ክፉ ሰው አይደለም፤ የአስቻለች ጉልበት ለቤቱ ምን እንደሆነ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው እንጂ።

"አስቻለች ከኛ ጋር ትቆጠር" አለ። "የኛው ተቀጥላ ናት፤ አገሩ ያውቃል።"

ሰው ሳቀ። አስቻለች በዚህ ጊዜ አብራ አልሳቀችም። ከነጠላዋ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ አውጥታ ብድግ አለች። ይህን ነገር ስታሰላስለው ነው የከረመችው።

"ይኸኛው ተቀጥላ ነው" አለች፣ አንዱን ቅርንጫፍ አንስታ። "እዩት፣ እንጨቱን ሰርስሮ ገብቷል፤ ከሱ ወዲያ ያለው ቅርንጫፍ ሞቷል። ይኸኛው ደግሞ ንፋስ ከጣለው ወይራ ያነሣሁት ነው። ይህን አበባም ተቀጥላ ትሉታላችሁ። ሥሩን አንስቼ ላሳያችሁ፤ ቅርፊቱ ጭረት እንኳ የለውም። ተቀመጠ እንጂ አልበላም። የሚኖረው ከአየሩና ከጉሙ ነው። እኔም እትዬ ቤት የተቀመጥኩት ሠርቼ ነው፤ ማንንም አልመጠጥኩም።"

ጥሩ የተናገረች መስሏት ነበር። አሻግሬ የሚባለው፣ ስብሰባ ላይ ሰው ካላሳቀ እንቅልፍ የማይወስደው ገበሬ፣ ከኋላ ድምፁን አሰማ።

"ከአየር የምትኖር ከሆነማ መሬት ምን ይሠራላታል? አየር ይሰጣት።"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የአስቻለች ጆሮዋ ጋለ፤ ስንት ቀን የለፋችበት ነገር በአንድ ቀልድ አፈር በላ። ቁጭ በይ ቁጭ በይ የሚል ድምፅ ከግራም ከቀኝም ይሰማታል። አልተቀመጠችም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችው።

"ይሰጠኝ" አለች። "አየሩን ስጡኝ። ጉም መውጫን ስጡኝ።"

"ገደሉን?" አሉ አቶ አምባቸው።

"አፋፉን። ያለፈው በጋ ምንጩ ሁሉ ሲነጥፍ፣ እዚያ ከወይራዎቹ አጠገብ ያለው አፈር በእጄ ስጨብጠው ይጣበቅ ነበር። ይህ አበባ እርጥበት በሌለበት አይኖርም፤ ሁለት ጊዜ ገድዬው ነው ያወቅኩት። ጉሙ ለሱ ከበቃ ለገብስም ይተርፋል። ከእናንተ ማሳ አንድ ስንዝር አልጠየቅኩም።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም የማይፈልገውን መሬት የጠየቀችን ሴት ምን ብሎ መከልከል እንደሚቻል የሚያውቅ አልነበረም። ሞላ ግን እንደገና ተነሣ።

"ማኅበሩ የቆረጠው ነገር አለ። በሰው ቤት ያለ ጥገኛ ከቤቱ ጋር ይቆጠራል እንጂ ለብቻው አይሰጠውም ተብሏል። ለሷ ሲሆን ሊፈርስ ነው?"

እውነቱን ነው። ተብሏል። አቶ አምባቸው ጺማቸውን ሲያሹ ቆዩና ወደ ሴቶቹ መቀመጫ ዞሩ።

"የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ብርሀንነሽ። እርስዎ ይናገሩ። ይቺ ሴት የቤትዎ ሰው ናት፣ ወይስ አይደለችም?"

የአስቻለች ነገር በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። አሮጊቷ "ናት" ካሉ አለቀ። እንዲህ ማለት ደግሞ መብታቸው ነው፤ ውሸትም አይሆንባቸውም።

እትዬ ብርሀንነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። አስቻለችን አላዩዋትም።

"አይደለችም" አሉ። "ዛሬ ጠዋት ከነጓዟ አስወጥቻታለሁ። ከእንግዲህ ደጄን ብትረግጥ ውሻ ነው የምለቅባት።"

"እማዬ" አለ ሞላ።

"ዝም በል፤ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ተብሏል።"

ውሸት መሆኑን ከሞላ ጋር የምታውቀው አስቻለች ብቻ ናት፤ ማንም አላስወጣትም፣ ጋቢዋ አሁንም እቤት ተሰቅሏል። አሮጊቷ በሰው ፊት ያባረሯት እሷ ያለ ርስት እንዳትቀር ብለው መሆኑ ገባት። ቢገባትም ቃሉ ወጋት። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ንዴት የማስመሰል አልነበረም፤ ደግነታቸውም የማስመሰል አልነበረም። ሁለቱን ባንድ ላይ ተቀበለች።

"እንግዲያ ቤት የላትም" አሉ አቶ አምባቸው። "ጉም መውጫ የአስቻለች ነው። ሐምሌ እስኪገባ ካላለማችው ግን ይመለሳል።"

በሕዝብ ፊት የተነገረ ነገር መልሶ አይዋጥም። አንድ ቀን እዚያ ቤት ብታድር ሞላ ሄዶ እንደሚናገር ታውቃለች። ስለዚህ ጋቢዋን እንኳ ሳትወስድ፣ ከጎረቤት ከአልታዬ ዶማ ተውሳ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ አፋፉ ወጣች።

"አብሽሪ" አለቻት አልታዬ ዶማውን ስትሰጣት። "ዝንጀሮውም ሲያይሽ ይለምድሻል።"

ዝንጀሮው አልለመዳትም። የደለደለችውን እያገላበጠ ትል ይለቅም ነበር፤ እሷም በድንጋይ ታባርረዋለች፣ ተመልሳ ትደለድላለች። ወይራው ሥር በቅርንጫፍ መጠለያ ሠራች። ድንጋይ እያወጣች ካብ ካበች፤ ካቡ አፈሩ ወደ ገደሉ እንዳይናድ ያዘላት። መዳፏ ተላጠ፣ ደማ፣ ደነደነ። በበሬ የማይታረስ ነውና በዶማ ቆፈረችው፤ ወይራዎቹን ግን አልነካችም፣ ጉሙን የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው። አንዳንድ ቀን ለምን እንደመጣች ራሷን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ዶማውን ታነሣለች። እትዬ ብርሀንነሽን ቤተ ክርስቲያን ስታገኛቸው ፊታቸውን አዞሩባት። ያን ቀን እየቆፈረች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ግን ከሌላው ቀን የበለጠ ቆፈረች።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ጉሙ ጥቅጥቅ ብሎ ከአፋፉ ወዲያ ምንም በማይታይበት ጠዋት፣ ዶማዋን እንደያዘች ድምፅ ሰማች።

"ቤቶች።"

ቀና አለች። ቤት አልነበረም። ከጉልበት ያልዘለለ ካብ፣ የቅርንጫፍ መጠለያ፣ ግማሹ የተቆፈረ መሬት ነው ያለው። ከካቡ ውጭ እትዬ ብርሀንነሽ ቆመዋል፤ በጀርባቸው የገብስ ዘር የሞላ ስልቻ አዝለው፣ ክንዳቸው ላይ ጋቢዋን ጣል አድርገው፣ ዳገቱ ትንፋሻቸውን ወስዶት። በሕይወቷ የሰው ደጅ ላይ ስትሰማው የኖረችው ጥሪ ነው፤ ለእሷ ሲጠራ ግን ከቆቦ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ይግቡ፣ እትዬ" አለች።

አሮጊቷ ካቡን ተሻግረው መግባት ይችሉ ነበር፤ ከፊታቸው ያለው ሁለት ድንጋይ ብቻ ነው። አልተሻገሩም። ስልቻቸውን እንዳዘሉ ካቡን ዳር ዳሩን ይዘው ዞሩና፣ አስቻለች ለበር ብላ በተወችው ክፍተት በኩል ጎንበስ ብለው ገቡ።