ወፍራሙ ካፖርት

ልጄ ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ሊጠብቅ ከሄደ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነው። እሱም «እያሸነፍን ነው» ከማለት ሌላ አያውቅም። አሸነፉም ተሸነፉም ለኔ አንድ ነው፤ እኔ የምፈልገው ልጄን ነው።

የምሠራው የወታደር ልብስ ስፌት ቤት ነው። ካፖርት እንሰፋለን፣ ገበሩ ብርድ ልብስ የሚያህል። ልጄ ሊሄድ ሲል «እማዬ፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው አሉ» ብሎኝ ነበር። ለኃላፊያችን ነገርኩት። በመስኮት ዝናቡን እያየ «በዚህ ብርድ?» አለኝ። ወይ ጉድ! ሰውዬው የባሕር ማዶውን አየር የሚለካው በገዛ መስኮቱ ነው። የበላዮቹም ያው እንደሱ ናቸው።

ቆይቶ ትእዛዙ እጥፍ ሆነ። «ካፖርቱ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው፤ ልጆቹ ወደውታል ማለት ነው» አለን ኃላፊው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። አንዱ ለልጄ ይደርሰዋል እያልኩ ስፌቱን ደግሜ አጠበቅሁት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቀጮ የምንለው፣ አብሮት የዘመተው የልጄ ጓደኛ በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። ያቀረብኩለትን ሻይ አልነካም።

«እማማ፣ ቆላው ላይ ካፖርቱን መሸከም አቃተን፤ እየጣልነው አለፍን። ያገሩ ሰዎች ደግሞ ተራራው ላይ ይበርዳቸዋል፤ አንስተው ለበሱት።»

«ይልበሱት። ልጄስ?»

አንገቱን ደፋ። «ተራራው ሥር ዘብ ነበር። ጭጋጉ ውስጥ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ሲመጡ የኛዎቹ መሰሉት። እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው።»

እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

«ካፖርቱ የኛ ስፌት ቤት ሥራ ነው?»

«ሌላ ማን ይሰፋል፣ እማማ?» አለ። «እነሱ ቤታቸው ናቸው፤ እስክንሄድ መጠበቅ ብቻ ነው ሥራቸው። የኛ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።»

ሰኞ ለኃላፊው ነገርኩት። «ነፍስ ይማር» አለኝ፤ ከዚያ «ግን ትእዛዝ ነው» ብሎ አዲስ ጨርቅ አስመጣ።

ጦሩ ተሸንፎ ተመለሰ። የጎረቤት ልጆች ሲገቡ መስኮቴን ዘጋሁ። የተረፈው ካፖርት ለሠራተኛው ታደለ፤ ለኔም ደረሰኝ። ቤቱ ይበርዳል፣ ግን አልለበስኩትም፤ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ከሥራ መጥቼ በሩን ስከፍት ልጄ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። እጄን ላነሳለት እልና እተወዋለሁ።